ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል፣ እውነት የድሬ ውሃ ነው?

ሳቢያን ነኝ፦

ሰላም ናችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

31 ዓመቴ ነው። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ከመጣን አሥር ወር ሆነን። ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ ፀጉሬ እየረገፈ ነው። እየረገፈ ስላችሁ ማበጠሪያ ላይ የሚቀር ሦስት አራት ዘለላ እንዳይመስላችሁ። ስታጠብ የመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻ ይደፈናል። ትራስ ላይ አለ፣ ነጠላዬ ላይ አለ። ባለፈው ባለቤቴ ከሽሮው ውስጥ አንድ ረጅም ፀጉር አወጣ። ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ የትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና መብላቱን ቀጠለ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

እዚህ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «የድሬ ውሃ ነው»። ጎረቤቴ እንደዛ አለች፣ ባጃጅ ነጂው እንደዛ አለ፣ ዳቦ የምገዛበት ልጅ ሳይቀር። እውነትም ማንቆርቆሪያዬ ውስጡን ነጭ ድንጋይ ሠርቷል፣ ስለዚህ አመንኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀጉሬን በሃይላንድ ውሃ ታጠብኩ። ሳቃችሁን ያዙልኝ። ምንም ለውጥ የለም። ከዛ ገበያ ወርጄ አንድ ዘይት ገዛሁ፤ ስም የለው፣ ምን እንዳለበት አልተጻፈበት፣ ሻጯ «የህንድ ነው፣ በሳምንት ያቆመዋል» ብላኝ 900 ብር ከፈልኩ። ሳምንቱ አለፈ፣ የቆመው ገንዘቤ ነው።

ግንባሬ ላይና ጆሮዬ ፊት ያለው ፀጉርም ሳስቷል፣ እሱ ግን የቆየ ይመስለኛል። አያሳክከኝም፣ ቁስል የለም፣ ፎሮፎር እንደማንኛውም ሰው ትንሽ አለ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ያየኝ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ስትረስ ነው፣ ቫይታሚን ውሰጂ» ብሎ ሸኘኝ። ራሴን እንኳን አላየውም። አሁን ባዮቲን እየዋጥኩ ነው።

ጥያቄዬ፤ ለፀጉር ብሎ ሐኪም ቤት መመላለስ ቅብጠት ነው? ደርሶባችሁ የሚያውቅ ካላችሁ ምን እንደሆነ ንገሩኝ።

የከዚራ ልጅ፦

አቦ እንኳን ወደ ድሬ በደህና መጣሽ። ውሃው ነው አትልፊ። እኔ በዚህ ውሃ ታጥቤ ነው በ25 ዓመቴ መላጣ የሆንኩት።

ሹሩባ ሠሪዋ፦

@የከዚራ ልጅ፣ አባትህ ፀጉር አለው?

የከዚራ ልጅ፦

የለውም።

ሹሩባ ሠሪዋ፦

ጨርሰሃል በቃ።

አሁን ላንቺ ልምጣ የኔ ቆንጆ። እኔ ሐረር ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ 17 ዓመት ፀጉር ሠርቻለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ በእጄ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። መጀመሪያ የረገፈውን ፀጉር አንሺና ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊው። ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ራስ የምታህል ነጭ ነገር ካለች ከሥሩ ነው የወጣው። እሷ ከሌለችና ፀጉሩ አጭር፣ አንዱ ረጅም ሌላው እዚህ ጋ የተቆረጠ ከሆነ እየተሰበረ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ሰው ሁለቱንም «ረገፈ» ይላል፣ ለዛ ነው መድኃኒቱ የሚሳሳተው።

የድሬ ውሃ ጠንካራ መሆኑ ውሸት አይደለም። ፀጉር ያደርቃል፣ ያሻክራል፣ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል። ከሥር ነቅሎ መጣል ግን አይችልም። ቢችል ኖሮ ከፊራ ገበያ ላይ ፀጉር ያላት ሴት አናይም ነበር፤ እዛ ጉልበት የሚደርስ ፀጉር ያላቸውን እናቶች አይቻለሁ፣ የሚታጠቡት በዛው ውሃና በቀሲል፣ በቅጠል ዱቄት ነው።

ግንባርሽ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ቆንጥጦ የተሠራ ሹሩባ ያመጣው ነው። በተለይ ቀጭን ሆኖ ወደ ኋላ ተስቦ ሲሠራ፣ ማታ ራስ ምታት ይዞሽ ፓራሲታሞል የምትፈልጊበት ዓይነት። እኛ ሠሪዎቹም ጥፋተኞች ነን። ደንበኛዋ «ጠበቅ አድርጊው፣ ቶሎ እንዳይላላ» ትላለች፣ እኛም ሁለት ሳምንት እንዲቆይላት እንጎትታለን። በላዩ ላይ ዊግ ይሰፋል፣ አንዳንዷ በሙጫ ታስለጥፋለች። ከሠራን በኋላ ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ካየሽ ፀጉሩ እየጮኸ ነው ማለት ነው። ቶሎ ከተውሽው ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ቆዳው ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ ያኔ ምንም ቢቀቡት አይበቅልም። እኔ ራሴ የሁለት ደንበኞቼ ግንባር እንደዛ ሲቀር እያየሁ ነበር፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሹሩባሽን ሁለት ሳምንት አቆይተሽ ስትፈቺው የሚወጣው የ14 ቀን ርጋፊ ነው። በየቀኑ የሚወድቀው እዛው ታስሮ ቆይቶ ነው። ስንቷን ሴት ስፈታላት አስደንግጬ አረጋግቻለሁ።

ሜሪ፦

እኔ ልጄ አራት ወር ሲሆነው እንዳንቺ ሆኜ ነበር። ልጁ ፀጉሬን በጣቱ ጠቅልሎ ነው የሚተኛው፣ በነጋታው እጁ ውስጥ ሙሉ ክምር አገኛለሁ። እናቴ «ልጅ ሲስቅ ነው የእናት ፀጉር የሚረግፈው፣ ተይው» አለችኝ። ልጁ ዓመት ሲሆነው ግንባሬ ላይ እንደ ጫጩት ላባ የቆመ አዲስ ፀጉር በቀለ፣ አስቀያሚ ነበር ግን በቀለ። አንቺ በቅርቡ ወልደሻል እንዴ?

ሳቢያን ነኝ፦

አልወለድኩም ሜሪ። ለዚህም እየተመላለስን ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ሹሩባ ሠሪዋ አመሰግናለሁ፣ ወረቀቱ ላይ አደረግኩት። ነጯ ነገር አለች። ሁሉም ላይ።

ከሐረር ሐኪም፦

ሰላም እህቴ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ የቆዳ ስፔሻሊስት አይደለሁም፣ በዚህ ገጽም ማንንም አልመረምርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ፀጉርሽ መርገፍ የጀመረው ጥር ላይ ነው ብለሻል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ምን ሆነሽ ነበር?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርሽ። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም። ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። አብዛኛው እያደገ ነው፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ግን እድገቱን ጨርሶ ያርፋል። እረፍቱ ሦስት ወር ገደማ ነው፣ ከዛ ይወድቅና በቦታው አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ ማንኛዋም ጤነኛ ሴት በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፍባታል። ሰውነት ግን ከባድ ነገር ሲደርስበት፣ ለምሳሌ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ጥገና፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ሐዘን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ማቆም፣ በማደግ ላይ የነበረው ብዙ ፀጉር በአንዴ ወደ እረፍት ይገባል። ያን ቀን ምንም አይታይም። ከሁለት እስከ አራት ወር ቆይቶ ያ ሁሉ በአንድ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ሕመሙን ረስቶታል፣ ድኗል፣ ሥራ ገብቷል። ስለዚህ የሚከሰው የዛሬው ሻምፖ ነው። ወይ የዛሬው ውሃ።

ይሄ ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ይባላል። ከላይ ሜሪ የነገረችን ከወሊድ በኋላ የሚመጣውም እሱ ነው፣ ልጁ ሳቀም አልሳቀም በዛው ሰሞን ይመጣል። ምክንያቱ ካለፈ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ርግፈቱ ይቆማል። መልኩ እስኪመለስ ግን ይቆያል፣ ምክንያቱም ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው፣ ሰው ሁሉ ዘይት የሚገዛውም እዚህ ጋ ነው። ያኔ የገዛው ዘይት ምስጋናውን ይወስዳል።

ሳቢያን ነኝ፦

ዶክተር፣ ስልኬን ከፍቼ የድሮ መልእክቶቼን ሳነብ ነው የቆየሁት።

ጥቅምት መጨረሻ ታምሜ ነበር። ሙሉ በሙሉ ረስቼዋለሁ ብል ታምኑኛላችሁ? ከዓይኔ ኋላ የሚወጋ ራስ ምታት፣ አጥንቴን የሚሰብር ቁርጥማት፣ አምስት ቀን አልጋ ላይ፣ ትኩሳቴ 39 እና 40። ወባ ተመርምሬ የለም ተባለ። ከዛ «ደንጌ ነው፣ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት፣ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ፣ ፈሳሽ ጠጪ» ተባልኩ። ከዛ ደግሞ ምግብ አስጠላኝ። ሳይሻለኝ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ጾሜ አላውቅም ልል አልችልም፣ ያን ጊዜ ግን ቁርስ የለም፣ ምሳ ትንሽ እንጀራ በሽሮ፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ ሻይ በዳቦ። ጎረቤቶቼ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ኪሎ ቀንሼ ነበር።

የወር አበባዬም ሁልጊዜ ብዙ ነው፣ ስድስት ሰባት ቀን። ይሄ ከፀጉር ጋር ይገናኛል?

የከዚራ ልጅ፦

ደንጌ ከሆነማ እኛ ነን ባለቤቶቹ። በ2006 መግቢያ ላይ ድሬ ውስጥ ያልታመመ ቤት አልነበረም፣ ያኔ ነው ስሙን የሰማነው። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፣ ሰው እንደ ሽማግሌ አጎንብሶ ነበር የሚሄደው። አሁን ሳስበው ያኔ እህቶቼ ሁሉ ፀጉራችን አለቀ ይሉ ነበር። እኛም «ውሃው ነው» አልናቸው።

ላብ ሰው፦

ድሬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የወር አበባሽ በጣም ይገናኛል። በየወሩ ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት የብረት ክምችቷ ያልቃል። ብዙዎች መጥተው ሄሞግሎቢን ብቻ ተለክተው «ደምሽ ሙሉ ነው» ተብለው ይሄዳሉ። ሄሞግሎቢን ኪስሽ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው፣ ፌሪቲን ደግሞ ባንክ ያለው። ኪስሽ ሳይጎድል ባንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ከፌሪቲን ጋር ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ከ30 በታች ሲሆን የብረት እጥረት ይባላል። ትኩሳት ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ላይ እያለሽ ግን አታሠሪው፣ ያኔ ቁጥሩ ሳይኖር ያለ መስሎ ከፍ ይላል።

የእንቅርት ሆርሞኑን፣ ቲኤስኤችን፣ አብረሽ አሠሪ። ሲያንስም ሲበዛም ፀጉር ያረግፋል። አንገት ላይ እብጠት ባይኖርም ማለቴ ነው፤ ሰው እንቅርት ካላበጠ ታይሮይድ የለበትም ይላል።

አሁን ዋናው። ባዮቲን እየዋጥሽ ነው አልሽ? ምርመራ ከመምጣትሽ በፊት ለሐኪሙም ለላብራቶሪውም ተናገሪ። ለፀጉር የሚሸጠው ባዮቲን መጠኑ ከፍተኛ ስለሆነ አንዳንድ መሣሪያ ላይ የታይሮይድ ውጤት ያዛባል። የሌለብሽን በሽታ ሊያሳይ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ መጠኑ ከበዛ ደግሞ ሐኪሙ እስካለሽ ድረስ ማቆም ነው። የባዮቲን እጥረት ራሱ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አይገኝም፣ ግን ማሸጊያው ላይ ያለችው ሴት ፀጉሯ ያምራል።

እመት ዘይነባ፦

ልጄ እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ይሄን የልጅ ልጄ ነው የምትጽፍልኝ። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀቢ፣ ሂና አድርጊ፣ ቀሲል ታጠቢ። ምግብ ላይ ቡና አትከታትይ። ሆጃ ጠጪ።

ከሐረር ሐኪም፦

እማማ ዘይነባ ስለ ቡናው ልክ ነዎት። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን አስረው ያስወጡታል። ሆጃም ከቡናው ተክል ነውና ያው ነው፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጫት የሚቅሙ እህቶችም ይህን ይስሙ፤ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው እራት አይርበውም፣ ሰውነት ደግሞ ከየት አምጥቶ ፀጉር ይሥራ። ሂናውና ቀሲሉ ጉዳት የላቸውም፣ ያጸዳሉ፣ ያሳምራሉ። ያቺ ጥቁር ሂና የምትባለው ግን ኬሚካል የተቀላቀለባት ናት፣ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ከእሷ ራቁ።

ሳቢያን ነኝ፣ ያልሽኝ ሁሉ ይገጥማል፤ ትኩሳት፣ ከዛ ክብደት፣ ከዛ የወር አበባው። ግን በጽሑፍ የገጠመ ነገር ምርመራ አይደለም። ደግሞ ልጅ ለመውለድ እየሞከርሽ ነው። ስለዚህ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ያለ ሐኪም እንዳትጀምሪ። ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል፣ ጓደኛ ታዝዝልሻለች፣ አውቃለሁ። እሱ የሚረዳው መሃል መክፈያዋ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ለሚሄድባት ሴት ነው፣ በዘር የሚመጣው ዓይነት። ለእርግዝናና ለሚያጠቡ አይሆንም፣ መጀመሪያ ሰሞን ርግፈቱን ያባብሳል፣ ለውጡን ለማየት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ ሲያቆሙት ያመጣውን ይዞ ይሄዳል። የወር አበባዋ የሚዘልባት፣ ፊቷ ላይ ፂምና ብጉር የሚወጣባት ሴት ደግሞ ሆርሞኗ መታየት አለበት፣ የአንቺ ግን እንደዛ አይመስልም።

ስትሄጂ ሹሩባሽን ፈትተሽ ሂጂ። ተሠርተሽ አትሂጂ፣ ሐኪሙ ሥሩን ማየት አለበት። በዛ ቀን አትታጠቢ። 50 ወይ 60 ዘለላ ይዞ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ከስድስት በላይ ከወጣ ርግፈቱ አሁንም እየሠራ ነው። የምትወስጂውን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ ያንን ስም የለሽ ዘይት ጭምር። እና ለፀጉር መታከም ቅብጠት አይደለም። ራስ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለውን ነው የሚናገረው።

ሜሪ፦

ችግሩ ታፔላው ነው ዶክተር። «የቆዳና የአባላዘር ስፔሻሊስት» ይላል። እኔ አንዴ ገብቼ በረንዳው ላይ ስቀመጥ የባሌ አክስት በመንገድ አለፈች። ለብጉር ነው ብዬ ማስረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ከገንደ ቆሬ፦

ሰላም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን ልጠይቅ። 38 ዓመቴ ነው። የኔ በእፍኝ አይረግፍም። መሃል አናቴ ላይ ብቻ ነው፣ እንደ አምስት ሳንቲም ጀምሮ አሁን የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል፣ ቀስ ብሎ እየሰፋ ነው። ሲነካ ያመኛል፣ ማታ ማታ ያቃጥለኛል። ሁለት ዓመት ሆነው። ሻሽ አስሬ ነው የምወጣው፣ ስለዚህ ማንም አያውቅም። ካስክ ስር ስቀመጥ የተቃጠልኩ መስሎኝ ነበር። እኔም ደንጌ ይሆን?

ሹሩባ ሠሪዋ፦

እህቴ አይደለም። እባክሽ ኬሚካልና ፒያስትራ ዛሬውኑ አቁሚ፣ ቀሪውን ዶክተሯ ትንገርሽ።

ከሐረር ሐኪም፦

ከገንደ ቆሬ፣ ያንቺ ከሳቢያንዋ የሚለይ ነገር ነው፣ ቀጠሮም እንዳታራዝሚ። አናት ላይ ጀምሮ ዙሪያውን የሚሰፋ፣ የሚያቃጥልና ሲነካ የሚያም ርግፈት ጠባሳ የሚተው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፣ ዘርም ድርሻ አለው፣ ስለዚህ በካስኩ ብቻ ራስሽን አትውቀሺ። እዚህ ላይ የፀጉሩ ሥር ራሱ ይቆጣና ይዘጋል። የተዘጋው አይከፈትም። ያልተዘጋውን ግን በመድኃኒት ማትረፍ ይቻላል፣ ለዛ ነው ጊዜው የሚያስቸኩለው። የቆዳ ሐኪም ምናልባት ከቆዳው ቅንጣት ወስዶ ለምርመራ ይልክ ይሆናል፣ አትደንግጪ፣ በማደንዘዣ ነው።

ለሌሎቻችሁም፤ ድንገት ክብ ሆኖ ልሙጥ የሚል ካለ፣ ላሽ የምትሉት፣ እሱም የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፣ ይታከማል። ልጆች ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ ተሰብሮ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቆረቆር ነው፣ በማበጠሪያ ይተላለፋል፣ በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ፊት ላይ ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ከርግፈቱ ጋር ከመጡ እንደዚሁ ቶሎ ሂዱ።

ሳቢያን ነኝ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የረሳሁ እንዳይመስላችሁ።

ሄድኩ። ታፔላው ስር ተቀመጥኩ ሜሪ፣ ማንም ዘመድ አላለፈም። ሐኪሟ መጀመሪያ ራሴን አየችው። በእጇ ነካችው፣ በመብራት አየችው፣ ሳበች፣ ዘጠኝ ወጣ። ክሊኒኩ ውስጥ «ስትረስ ነው» ያለኝ ልጅ ይህን ሁለት ደቂቃ ቢሠራ ኖሮ ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩ። ውጤቴ፤ ሄሞግሎቢን ደህና፣ ታይሮይድ ደህና (ባዮቲኑን ስድስት ቀን አቁሜ ነው)፣ ፌሪቲን 9። ላብ ሰው፣ ባንኩ ተዘርፏል።

የብረት ክኒን ጀመርኩ። ሆዴን ያደርቀዋል፣ ሰገራዬ ጠቁሯል፣ ይሄ ያለ ነው ብላኛለች። በውሃ ነው የምወስደው፣ ከቡና አርቄ፣ በላዩ ዘይቱን፣ ጓቫውን ማለቴ ነው፣ እበላለሁ፤ ከፊራ ላይ ዘይቱን እንደ ጉድ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከዛ ጠርሙስ ጋር ሲወዳደር ያስቃል። ለወር አበባዬም የማህፀን ሐኪም እንድታየኝ ጽፋልኛለች፣ ብረቱን እየሞላሁ በየወሩ የሚፈስ ከሆነ ምን ዋጋ አለው አለችኝ። ስም የለሹን ዘይት አሽትታ ምንም ሳትል ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። 900 ብሬ ቻው።

ግንባሬ ደግሞ ሹሩባ ሠሪዋ እንዳለችው ነው፣ ከሹሩባው ነው። የሚመለስ ይመስላል፣ ግን ስድስት ወር መጎተት የለም። ፀጉሬን በላስቲክ እንኳን አላስርም። ልቅ አድርጌ ሻሽ ነው።

ርግፈቱ ቆመ? አልቆመም። ቀንሷል መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ መቁጠር ስላቆምኩ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ፌሪቲኑን ደግመሽ ነይ ተብያለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

ስለ ውሃውስ ምን አለች?

ሳቢያን ነኝ፦

«ማንቆርቆሪያሽን በሎሚ ቀቅዪው» አለችኝ።

ከገንደ ቆሬ፣ አንቺስ ሄድሽ?

ከገንደ ቆሬ፦

አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሼ ተመለስኩ። ሻሹን ሰው ፊት መፍታት ከበደኝ።

ሳቢያን ነኝ፦

እኔ የሄድኩበት በር ላይ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ሐኪሟ ሴት ናት። እስክትገቢ ድረስ እኔም ሻሼን ፈትቼ ነው የምቀመጠው፣ ግንባሬን አይተሽ ትስቂያለሽ።

ከገንደ ቆሬ፦

ሁለት ሰዓት ተኩል ይሁን፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ።